«አይ» ወይስ «ኤስታ»? የስፓኒሽ ሁለቱ «አለ»

አማርኛ «አለ» ብሎ የሚያልፈውን ስፓኒሽ ለሁለት ይከፍለዋል። «አይ» (ድምፁ እምቢታ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ተቃራኒው ነው) የአንድን ነገር መኖር ያስተዋውቃል፦ «አይ ኡን ባንኮ»፣ ባንክ አለ። ስሙ ቢበዛም አይለወጥም፦ «አይ ትሬስ ባንኮስ»። «ኤስታ» የታወቀው ነገር የት እንዳለ ይናገራል፦ «ኤል ባንኮ ኤስታ አኪ»፣ ባንኩ እዚህ ነው። ሲበዛ «ኤስታን» ይሆናል።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው «አይ ኤል ባንኮ» በማለት ነው፤ ይህ ስህተት ነው። በአማርኛ «ባንኩ» ወይም «ባንካችን» የምትሉ ከሆነ፣ ወይም የሰው ስም ከጠራችሁ፣ «ኤስታ» በሉ። ቁጥር ወይም «ብዙ» ከቀደመ ብዙውን ጊዜ «አይ» ነው። በኃላፊ ጊዜ «አይ» ለነጠላም ለብዙም «አቢያ» ይሆናል፤ «አቢያን» በንግግር ቢሰማም ፈተና ላይ ነጥብ ያስቀንሳል።

«አለኝ» ግን ከሁለቱም ውጭ ነው፦ «ቴንጎ»።