የሁለት ገበሬዎች ብሉዝ፦ የትኛውን ልግዛ?

ሱሉልታ ጥቅምት ላይ ሜዳው ሁሉ ድርቆሽ አጫጅ ነው። ኦርኬስትራ ያለበት ዘፈን እዚህ ብዙ አይሄድም፤ አየሩ ራሱ ዝም በል ይላል። ጊታርና የሰው ድምፅ ብቻ፣ ከተቻለም እርሻ እርሻ የሚሸት ብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ) ፍለጋ ገባሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት አልበም ቀረኝ። ሁለቱም የእውነት ገበሬዎች የሠሯቸው ናቸው። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛው የማሊው አሊ ፋርካ ቱሬ «ኒያፉንኬ» ነው፤ በ1999 ወጣ። ኒያፉንኬ ኒጀር ወንዝ አጠገብ ያለች ያደገባት ቦታ ናት። ሰውዬው ከአሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ራይ ኩደር ጋር በሠራው አልበም የግራሚ ሽልማት አግኝቶ ነበር። እሱ ግን ልቡ መስኖው ላይ ነበር። ስለዚህ የቀረጻ መሣሪያው ወደ እሱ ሄደ። መብራት የለም፤ በጄኔሬተር፣ ባዶ ሕንፃ ውስጥ፣ ከእርሻው በተረፈው ሰዓት ቀረጹት።

ያስታውቃል ደግሞ። አይቸኩልም። ቅል ይመታል፣ ተቀባዮች ይቀበላሉ፣ ጊታሩ ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ይሽከረከራል። አልፎ አልፎ ንጃርካ ይገባል፤ እንደኛ ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነው። ጎረቤቴ ጋሼ በአጥር ሰምተው «ይሄ የየት አገር አዝማሪ ነው?» አሉኝ። ቋንቋው አይገባንም፤ እሳቸው ግን እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ።

ሁለተኛው የአሜሪካዊው ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የ1928 ቅጂዎች ናቸው፤ 13ቱም በአንድ ሲዲ ተሰብስበዋል። ኦኬ የሚባል የሸክላ ኩባንያ ሜምፊስና ኒው ዮርክ ወስዶ ቀረጸው። ሸክላው ብዙም አልተሸጠም። ኸርትም አቫሎን ወደምትባል መንደሩ ተመልሶ ከ30 ዓመት በላይ እርሻ ላይ ሠራ። በ1963 ፈልገው ያገኙት በአንዱ ዘፈኑ ውስጥ የመንደሯን ስም ስለጠራ ነው።

እዚህ አጃቢ የሚባል ነገር የለም። አውራ ጣቱ ባሱን ሳያቋርጥ ይመታል፣ የቀሩት ጣቶች ዜማውን ይለቅማሉ። ሁለት ሰው የሚጫወት ነው የሚመስለው። ብሉዝ ሲባል እንጉርጉሮ የጠበቀ ሰው ይገረማል፤ ድምፁ ምድጃ ዳር ቁጭ ብሎ የሚያወጋ ሽማግሌ ነው። በዚያ ለስላሳ ድምፅ ስለ ነፍስ ግድያ መዝፈኑ ግን አሁንም ይገርመኛል።

ችግሩ ጥራቱ ነው። ቅጂው እንደሚቆላ ቆሎ ይንጣጣል። በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት የአውራ ጣቱ ባስ ይጠፋል፤ ያ ከጠፋ ደግሞ ግማሹ ሙዚቃ የለም። ጆሮ ማዳመጫ ግድ ነው። ካስቸገራችሁ በ1966 የወጣውን «ቱዴይ» ውሰዱ፤ ቅጂው ጥርት ያለ ነው፣ ጣቶቹም አላረጁም።

ጊታር ለሚማር ሰው ኸርት፣ ጥያቄ የለውም። ማታ ብቻውን ለሚሰማም እሱው። ላም እየታለበ፣ ቡና እየተፈላ፣ ሰው እየገባ እየወጣ የሚከፈት ከሆነ ግን ኒያፉንኬ። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ ኒያፉንኬን እላለሁ፤ እኔም መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነው፣ ኸርትን በወሩ።

«የኛ ክራርስ?» ለሚል፣ ኢትዮጲክስ ከሚባሉት የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲዎች ቁጥር 16 የክራር ተጫዋቿ የአስናቀች ወርቁ ነው። ግሩም ነው፤ ግን የከተማ ሙዚቃ ነው፣ ድርቆሽ አይሸትም።