አዲስ ቴክኖ፣ አዲስ ሳምሰንግ ወይስ ዩዝድ አይፎን? ደሴ ላይ ስልክ ለምትገዙ

እናቴ ደሴ ፒያሳ ካሉት ሱቆች ከአንዱ አዲስ ስልክ ገዛች። ከነካርቶኑ፣ ላስቲኩ ያልተነሳ። ሻጩ ልጅ ትሁት ነበር። «ማዘር፣ ጂሜይሉን እኔ ልክፈትልዎ» አላት። ከፈተላት። ፓስወርዱን ግን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከአምስት ወር በኋላ የስክሪኑ መክፈቻ ቁጥር ጠፋባት። ጥገና ቤት ወሰድነው፣ ሪሴት ተደረገ። ሲበራ ያንን ጂሜይል ጠየቀ። ሻጩ ጋ ተመልሰን ስንሄድ «በቀን ስንቱን እከፍታለሁ፣ የቱን ላስታውስ?» አለን። የልጅ ልጆቿ ፎቶ ጠፋ። ስልኩም መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ስልክ ሲያማክረኝ ከካሜራው በፊት የማየው ሌላ ነገር ነው። የስልኩ ቁልፍ ከገዢው ሌላ በማን እጅ አለ? ዛሬ ቴሌብሩም ባንኩም እዚያው ውስጥ ነው።

አዲስ ቴክኖ፣ አይቴል፣ ኢንፊኒክስ

ሦስቱም የአንድ የቻይና ኩባንያ፣ የትራንሽን ናቸው። ኩባንያው እዚሁ አገራችን ውስጥ መገጣጠሚያ አለው። ዋጋቸው ይቀላል፣ ባትሪያቸው ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስክሪኑ ቢሰበር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የሚሠራው አይጠፋም።

የሚያስመርረው ውስጡ ነው። ስልኩ ገና ሲከፈት እናንተ ያልጫናችኋቸው አፖች ሞልተውበታል። ሌላ ብሮውዘር፣ ሌላ የአፕ መደብር፣ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ማስታወቂያ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በእናንተ ፓኬጅ ነው። ከዚህ የባሰም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የደኅንነት ተመራማሪዎች ቴክኖ ደብሊው2 በተባለው ርካሽ ስልክ ላይ ትራያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ቫይረሶች ከሱቅ ሳይወጣ ተጭነው አግኝተዋል። ባለቤቱ ሳያውቅ የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች ላይ እየመዘገቡ ካርዱን ይበሉ ነበር። ኢትዮጵያ ይህ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። ኩባንያው ችግሩ ከአቅራቢ መንገድ የገባ መሆኑን ገልጾ ማስተካከያ አውጥቷል። የዛሬዎቹ ሞዴሎች እንደዚያ ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን ካርዳችሁ ያለምክንያት ሲያልቅ ሁልጊዜ ቴሌን አትውቀሱ፤ ስልኩንም ፈትሹ።

ካርቶኑ ላይ ያለው የራም፣ ማለትም ስልኩ አፖችን ሲያሠራ የሚጠቀምበት ፈጣን ሜሞሪ፣ ቁጥርም ብዙ ሰው ያሳስታል። «16 ጂቢ» ብሎ በትልቁ ተጽፎ፣ ከሥሩ በትንሹ «8+8» ይላል። እውነተኛው ራም 8 ብቻ ነው። ሌላው 8 ፎቶና ፋይል ከሚቀመጥበት ሜሞሪ የተበደረ ነው፤ ፍጥነቱ አይደርስም፣ የፎቶ ቦታችሁንም ይቀንሳል። ስታወዳድሩ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ቁጠሩ።

አዲስ ሳምሰንግ፣ ኤ መስመር

በተመሳሳይ ዋጋ ካየነው ራሙ ያንሳል፣ ባትሪውም ብዙ ጊዜ አያስደንቅም። እኔ ግን የምመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም አፕዴት። አፕዴት ማለት ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ኩባንያው የሚደፍንበት መንገድ ነው። ሳምሰንግ ስንት ዓመት እንደሚደፍን አስቀድሞ ይናገራል። ለኤ06 የ4 ዓመት የደኅንነት አፕዴት ቃል ገብቷል። ለኤ16 ደግሞ 6 ዓመት። ሁለቱም 2024 ላይ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ጨምራችሁ ኤ16 ብትገዙ ልዩነቱ የካሜራ ብቻ አይደለም፤ ሁለት ተጨማሪ ዓመት ነው።

የትኛውም አንድሮይድ ላይ ይህን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚናገረው ክፍል ጋ ግቡ፣ የደኅንነት አፕዴቱን ቀን አንብቡ። ያለውን አፕዴት ሁሉ ጭናችሁም ቀኑ ከዓመት በላይ ካለፈው፣ ያ ስልክ ሳይተው አልቀረም።

ዩዝድ አይፎን

ከአረብ አገር የመጣች እህት ይዛው ትመጣለች፣ ወይ ከአሜሪካ ይላካል፤ እጅ በእጅ ይሸጣል። ስልኩ ጥሩ ነው። ገዢው ግን የሚሸወድበት ቦታ ብዙ ነው። መጀመሪያ አይክላውዱ፣ ማለትም አይፎኑን ከባለቤቱ ጋር የሚያስረው አካውንት። የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ካላወጣ፣ ሪሴት ያደረጋችሁት ቀን ስልኩ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ብር ሳትሰጡ፣ ሻጩ ፊታችሁ አካውንቱን አውጥቶ ሪሴት ያድርገው። ከዚያ በኢንተርኔት አገናኝታችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። «ቤት ሄደህ ታደርገዋለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት። ዩዝድ ሳምሰንግ ላይም በጂሜይሉ እንዲሁ አድርጉ።

ሁለተኛው ዕድሜው ነው። አይፎን የሚሠራበት ሲስተም አይኦኤስ ይባላል፤ አይፎን ኤክስ አይኦኤስ 16 ላይ ቆሟል። ኤክስአር እና ኤክስኤስ 2025 ላይ የወጣውን አይኦኤስ 26 አላገኙም። 11 አግኝቷል። ከ11 በታች ገንዘባችሁን አታውጡ እላለሁ። ሌላው ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከ14 ጀምሮ ያሉት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ ኢሲም፣ ማለትም ያለ ካርድ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም፣ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ጎኑን አዙራችሁ እዩ።

ሦስቱም ዓይነት ስልኮች ላይ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል (*#06#) ደውሉ። የሚወጣው የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ፣ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው።

ደረሰኝም ጠይቁ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ስላለ መብታችሁ አልጠፋም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ የምትኖሩ፣ በዋጋ ልዩነት ብላችሁ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገዙ ይህን አስቡበት። ለመመለስም ያንኑ መንገድ ነው የምትወጡት።

የእኔ ምርጫ ይኸው ነው። ብር ከበቃችሁ አዲስ ኤ16። ካልበቃችሁና ባትሪ ዋናችሁ ከሆነ ቴክኖ፤ ግን በገዛችሁበት ቀን የማትፈልጓቸውን አፖች አጥፉ፣ ማስታወቂያቸውን ዝጉ። አይፎን፣ ከ11 ጀምሮ፣ ፊታችሁ ሪሴት ከተደረገ ብቻ።

ለእናቴ ኤ16 ገዛንላት። ሻጩ «ጂሜይል ልክፈትልዎ?» ሲላት «የለም ልጄ፣ እቤት እንከፍተዋለን» አለችው። ፓስወርዱ አሁን የዕድር ደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ፣ በራሷ እጅ ተጽፎ ይገኛል።