ሬድፊሽ፦ በማስነሻው የታመነ፣ በዲስኩ ገና የሚቀረው

ሰርቨርን ከሩቅ ለሚያስተዳድር ሰው ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ «ያዘዝኩት በእርግጥ ተፈጽሟል ወይ?» የሚለው ነው። ከማሽኑ አጠገብ የቆመ ሰው መብራቱን ያያል፣ የማራገቢያውን ድምፅ ይሰማል። እኔ የማውቀው መሣሪያው የሚነግረኝን ብቻ ነው። ስለዚህ የርቀት ማስተዳደሪያ መሣሪያዎችን የምመዝነው በሐቀኝነታቸው ነው፤ የገጹ ውበት ከዚያ በኋላ ይታያል። ሬድፊሽንም የማየው በዚሁ ሚዛን ነው።

ሬድፊሽ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ዲኤምቲኤፍ የተባለው መስፈርት አውጪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የመነጋገሪያ ደንብ ነው። በሰርቨሩ ቦርድ ላይ ቢኤምሲ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር አለች፤ ዋናው ማሽን ቢጠፋም ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ነቅታ ትቆያለች። ሬድፊሽ ከእርስዋ ጋር ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት በኤችቲቲፒኤስ መንገድ፣ ሰውም ማሽንም በሚያነበው በጄሶን ጽሑፍ ያነጋግራል። አድራሻውን በማንኛውም አሳሽ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትንሽ አይደለም።

ልዩነቱን ለማየት ከሬድፊሽ በፊት ለዚሁ ሥራ የወጣውን አሮጌ ደንብ፣ አይፒኤምአይን፣ ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1998 ተወለደ፣ 2.0 የተባለው እትሙ በ2004 ወጣ፣ እስከ ዛሬም በየሰርቨሩ ውስጥ አለ። ማሽን ለማብራትና ለማጥፋት አሁንም የሚስተካከለው የለም፤ አንዲት አጭር መስመር ትበቃለች። በማስነሻ ጉዳይ ላይ ግን ያስተዛዝባል። «ቀጣዩ መነሻ ከኔትወርክ ይሁን» ብዬ ለምልከው ትእዛዝ ወዲያው «እሺ» ይላል። ደንቡ ግን ማሽኑን የማስነሻ ትእዛዝ በ60 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ካልተከተለ ቢኤምሲዋ ያንን ምርጫ እንድትሰርዘው ይፈቅዳል። በመካከል ሌላ ሥራ የያዘ ሰው ማሽኑ ወደ አሮጌው ዲስኩ ሲነሣ ያገኘዋል። የመሰረዙን ዜና የሚያደርስ ማንም የለም። በዚህ ላይ መነሻው በዩኢኤፍአይ፣ ማለትም ባዮስን በተካው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት፣ መሆኑ በትእዛዙ ውስጥ ካልተገለጸ ጥያቄው በአሮጌው ባዮስ መንገድ ይተረጎማል። የደኅንነቱ ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ የተጠቃሚ ስም ያወቀ ሁሉ ገና ሳይገባ የይለፍ ቃሉን የተመሰጠረ አሻራ መጠየቅ ይችላል፣ ያም በመስፈርቱ ውስጥ የተጻፈ ነው እንጂ የአንድ አምራች ስሕተት አይደለም። አይፒኤምአይ የሚያዳምጥበትን የ623 ቁጥር በር ለሰፊው ኔትወርክ ከፍቶ የሚተኛ አስተዳዳሪ እንቅልፉ ከባድ መሆን አለበት።

ሬድፊሽ የማስነሻውን ነገር በሦስት መስኮች ይይዘዋል፦ ከምን ይነሣ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው ስልት። ከኔትወርክ፣ ከዲስክ፣ ከሲዲ፣ ወይም በቀጥታ ወደ ባዮስ ቅንብር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወይም ዘወትር፤ በዩኢኤፍአይ ወይም በአሮጌው መንገድ። እኔን የማረከኝ ግን ከመስኮቹ አጠገብ የሚቀመጠው የተፈቀዱ ምርጫዎች ዝርዝር ነው። ማሽኑ የማይችለውን አስቀድሞ ይናገራል። ሲዲ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ መሞከር አያስፈልግም። ምርጫውን ከላክሁ በኋላ ያንኑ አድራሻ መልሼ አነባለሁ፤ «አንድ ጊዜ» የሚለው እዚያው ተጽፎ ይታየኛል። ማሽኑ ተነሥቶ ሲያበቃ ደግሞ ያው መስክ «ተሰናክሏል» ወደሚለው ይመለሳል። በዚያች ቃል መለወጥ ብቻ ትእዛዙ ሥራ ላይ መዋሉን አውቃለሁ። ስክሪን ማየት አላስፈለገኝም።

ቋሚው ቅደም ተከተል ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። እያንዳንዱ መነሻ ቁጥር ያለው ስም አለው፤ ዝርዝሩ የነዚያ ስሞች ተርታ ነው፤ ተርታውን አስተካክሎ መልሶ መላክ ነው። ለውጡ ግን ብዙ ጊዜ እስከሚቀጥለው መነሻ ድረስ በተጠባባቂነት ይቀመጣል፣ ሬድፊሽም ያሁኑን ቅንብርና የተጠባባቂውን በሁለት የተለያዩ አድራሻዎች ያሳያል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ያሁኑን እያነበበ «አልተለወጠም» ብሎ ደጋግሞ ይልካል። ሌላም አለ፦ ብዙ የስርዓተ ክወና ጫኚዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ የጫኑትን ስርዓት ከተርታው አናት ላይ ያስቀምጣሉ። ኔትወርክን አንደኛ አድርጎ የተወ ሰው ከጭነት በኋላ ተርታውን ዳግመኛ ቢያነብ ይበጀዋል። ሁለት አስተዳዳሪዎች አንድ ማሽን ላይ ሲሠሩ ደግሞ የእትም ምልክት የሚባለው ነገር አለ፤ ከእኔ ንባብ በኋላ ሌላው ሰው ለውጦት ከሆነ፣ ምልክቱን አያይዤ የላክሁት ትእዛዝ 412 በሚል ቁጥር ይመለስብኛል። የሥራ ባልደረባን ሥራ ሳያውቁ ከመደምሰስ ያድናል። ለማስነሻው ክፍል ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ ምስጋናዬ ይቀዘቅዛል።

ማንበቡ ግሩም ነው። እያንዳንዱ ዲስክ ከነመለያ ቁጥሩ፣ ከነመጠኑ፣ ከነዓይነቱ ይዘረዘራል፤ ሊበላሽ መቃረቡን የሚናገር መስክም አለው። ከሁሉ የምወደው የመጠቆሚያ መብራቱን ነው። አንዱን መስክ «እውነት» ሳደርገው የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ማሽኑ አጠገብ ያለውን ሰው «ብልጭ የሚለውን አውጣው» ማለት ይበቃል። «ከላይ ሁለተኛው፣ ከግራ ሦስተኛው» እየተባባሉ ደኅናውን ዲስክ መንቀል ቀርቷል፣ በተለይ አንዱ የሚቆጥረው ከዜሮ ሌላው ከአንድ ሲሆን።

መፍጠሩ ላይ ግን አምራቾች እንደየመልካቸው ናቸው። ሬይድ ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ የማሠራት ስልት ነው፤ ከጥምረቱ የሚወጣው ማከማቻ ቮሊዩም ይባላል። በመስፈርቱ መሠረት የሬይድ ዓይነቱን ጠቅሶ፣ ዲስኮቹን በአድራሻቸው ዘርዝሮ ወደ ቮሊዩሞቹ ስብስብ መላክ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ አምራች ግን ይህንኑ ስብስብ ለንባብ ብቻ ትቶታል፤ «እንደግፋለን» የሚለው ማስታወቂያው ውስጥ መጻፍ አለመካተቱን ያወቅሁት ማሽኖቹ ከተገዙ በኋላ ነው። የፈርምዌር (በመሣሪያው ውስጥ የተጫነው ሶፍትዌር) እድሳት እስኪመጣ ድረስ ዲስኮቹን በዲስክ መቆጣጠሪያው የራሱ ሜኑ፣ የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ በሚያሳየው ኮንሶል፣ የፍላጻ ቁልፍ እየተጫንሁ አዘጋጀሁ። ያ ሥራ ሰው ያስረጃል።

መጻፍ በሚቻልባቸው ማሽኖች ላይ ደግሞ 202 የሚለውን መልስ በትክክል ማንበብ ያሻል። ትርጉሙ «ተቀብያለሁ» ነው፣ «ጨርሻለሁ» አይደለም። አብሮት የሥራ መከታተያ አድራሻ ይመጣል፤ ስክሪፕቱ ያንን አድራሻ እየጠየቀ መጠበቅ አለበት። አንዳንድ መቆጣጠሪያ ወዲያው ይፈጽመዋል፣ አንዳንዱ እስከሚቀጥለው መነሻ ድረስ ያቆየዋል። መሰረዝ በተቃራኒው አስፈሪ በሆነ ቅለት ይፈጸማል። አንድ ትእዛዝ፣ አንድ አድራሻ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሳጥን የለም። ስለዚህ ስክሪፕቶቼ ከመሰረዛቸው በፊት የዲስኮቹን መለያ ቁጥር ከተጻፈው ዝርዝር ጋር ያመሳክራሉ።

ስለ ሬይድ ምርጫ የራሴን አቋም ልናገር። አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ሬይድ 5 ቢደረግ 12 ቴራባይት ይገኛል፤ ሬይድ 6 ወይም ሬይድ 10 ቢደረግ 8። የሬይድ 5ቱ ትርፍ ያጓጓል። ነገር ግን አንድ ዲስክ ሲሞት የጠፋውን በምትኩ ዲስክ ላይ መልሶ ለመገንባት የቀሩት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ፤ በትልልቅ ዲስኮች ይህ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ በዚያ መካከል ሁለተኛው ከተከተለ ሁሉም ነገር ጠፋ። እኔ ለስርዓቱ ሁለት ትንንሽ ዲስኮችን አንዱ የሌላው ቅጂ በሚሆንበት በሬይድ 1 አጣምሬ፣ መረጃውን ለብቻው በሬይድ 10 አስቀምጣለሁ። የማስነሻው ስልት እዚህም ይገባል፦ በ512 ባይት ሴክተር የሚሠራ ዲስክ አሮጌው የማስነሻ ስልት አብዛኛውን ጊዜ በሚጠቀምበት ኤምቢአር በተባለ የዲስክ ክፍልፋይ ሠንጠረዥ ሲከፈል ከ2 ቴራባይት ብዙም አያልፍም። ትልቅ ቮሊዩም ፈጥሮ ማሽኑን በአሮጌው ስልት ማስነሣት የገዙትን ቦታ አለመጠቀም ነው።

የአሳሽ ኮንሶሉን በአጭሩ ልለፈው። ቀድሞ ጃቫ ይጠይቅ የነበረው አሁን በአብዛኛው በኤችቲኤምኤል 5 ይከፈታል፣ ይበጃል። ምናባዊ ሲዲው (አንድን ፋይል ለሰርቨሩ እንደገባ ሲዲ አድርጎ የሚያሳየው) ግን የሚጫነው ፋይል ከራስ ላፕቶፕ ሲመጣ እያንዳንዱ ባይት በላፕቶፑ መስመር ስለሚጓዝ ያንቀራፍፋል። ፋይሉን ከሰርቨሩ አጠገብ ባለ የድር ማከማቻ አስቀምጦ ለቢኤምሲዋ አድራሻውን ብቻ መስጠት ይሻላል።

የአምራቾቹ የራሳቸው የትእዛዝ መሣሪያዎች አሁንም ቦታ አላቸው። የዴል ራክአድም የዲስክ ሥራን በወረፋ አሰልፎ የሥራ ቁጥር ይሰጣል፤ የኤችፒኢ አይሎሬስት ራሱ የሬድፊሽ ደንበኛ ነው። አንድ ዓይነት ማሽን ብቻ ላለው እነዚህ ይቀልላሉ። የተለያየ አምራች ማሽን ላደባለቀ ግን ማስነሻውን በሬድፊሽ፣ ዲስኩን ደግሞ ሬድፊሽ በሚችለው ልክ፣ የቀረውን በአምራቹ መሣሪያ መሥራት ነው የምመክረው። ከመግዛት በፊት ሻጩን ሁለት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፦ የርቀት ኮንሶሉና ምናባዊ ሲዲው ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቁ እንደሆነ፣ እንዲሁም የቮሊዩሞቹ ስብስብ መጻፍ ይቀበል እንደሆነ። ለሁለተኛው በቃል የሚሰጥ መልስ አይበቃም፤ ከሚሸጠው ሞዴል ላይ፣ ከሚሸጠው የፈርምዌር እትም ጋር፣ አንድ ቮሊዩም ሲፈጠር ሻጩ ራሱ ያሳይ።