እናቴን አክብረው ዶርዶኝን ላስጎበኙልኝ ሰው

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ። እናቴ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሳ ቤቴ ጭር ካለ በኋላ ነው እጄ የታዘዘልኝ። እናት አባታችሁን ከአገር ቤት አስመጥታችሁ «የት ልውሰዳቸው?» ብላችሁ የምትጨነቁ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በዶርዶኝ ወንዝ ዳር፣ ላ ሮክ ጋጃክ በምትባል ትንሽ መንደር አንድ አስጎብኚ አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ለማለት ቃል ያነሰኝ ለእኒህ ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን ያለፈውን ልናገር፤ ያን ካልሰማችሁ ምስጋናዬ አይገባችሁም። እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት ስትመጣ፣ ቤተ መንግሥቶችን ትይልኝ ብዬ በአንድ ድርጅት አውቶቡስ ወሰድኳት። ስሙን አልጠራም። ጉልበቷን ያማታል፤ በከዘራ ነው የምትሄደው። ይህንንም ስመዘገብ በጽሑፍ አሳውቄ ነበር። በየደረስንበት «ሃያ ደቂቃ» እያሉ አወረዱን። እናቴ የአውቶቡሱን ደረጃ ወርዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና እስክትል ብቻ አምስቱ ደቂቃ ያልቃል። ሦስተኛው ቦታ ላይ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋብን። ሰው ሁሉ በመስኮት እያየ የ71 ዓመት እናቴ በከዘራዋ ልትሮጥ ስትሞክር አየሁ። ቀኑ ዓርብ ነበርና ምሳ ላይ ጾም መሆኑን ብንነግራቸው «ሥጋውን አንሥታ ድንቹን ትብላ» አሉን። ድንቹ በዳክዬ ስብ የተጠበሰ ነው። እናቴ ሳህኑን ቀስ አድርጋ ገፋችና «አልራበኝም» አለች። ማታ ቤት ስንገባ ጫማዋን እያወለቀች «ልጄ፣ ከእንግዲህ እኔን ይዘሽ አትንከራተቺ፤ ከልጅሽ ጋር ቤት ልጫወት» አለችኝ።

ሌላም ቦታ ሞክረን ነበር። ለጀልባ ሽርሽር አስቀድሜ ከፍዬ ወንዙ ዳር ስንደርስ እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አይተው «ለእንዲህ ዓይነት ሰው ኃላፊነት አንወስድም» አሉ። ገንዘቤም ቀለጠ፣ እናቴም አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ገንዘቡን ረስቻለሁ፤ «እንዲህ ዓይነት ሰው» ያሉት ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ዘንድሮ በነሐሴ ስትመጣ የሥራ ባልደረባዬ የእኒህን ሰው ስልክ ሰጠችኝ። ተስፋ ሳይኖረኝ ደወልኩ። እኔ ዋጋ ልጠይቅ ስል እሳቸው ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ስንት ደረጃ ሳታርፍ ትወጣለች? ፀሐይ ይከብዳታል? ውኃ ትፈራለች? ምን ትወዳለች? ምን ትበላለች? የፍልሰታ ጾም መሆኑን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማትነካ፣ ዓሣም እንደማትበላ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ደግሞ ውኃ እንኳ እንደማትቀምስ ነገርኳቸው። ለአፍታ ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ለካ ብዕር እየፈለጉ ነበር። «አንድ በአንድ ድገሚልኝ፤ ልጽፈው» አሉኝ።

ከፓሪስ በባቡር ሱያክ ወርደን ከጣቢያው በመኪናቸው ተቀበሉን። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ትልልቅ ሰዎች በእኛ አገር ምን ተብለው እንደሚጠሩ ጠይቀውኝ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እናቴን «እማማ» አሏት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ስም አልጠሩም። ጀርባቸው ላይ ካለው ሻንጣ አንዲት ታጣፊ መቀመጫ ታስራለች። የእናቴ እርምጃ ዘገም ሲል፣ እኛ ሳናስተውል መቀመጫዋ ተዘርግታ ትጠብቃታለች። ደክሞሽ እንደሆነ አይጠይቋትም፤ እሳቸው ራሳቸው ቆመው ወንዙን ያያሉ። እናቴ መቀመጫዋን «ዱካዬ» አለቻት።

ላ ሮክ ጋጃክን ያላየ ሰው ቢነግሩትም አያምንም። ቤቶቹ ከገደል ሥር ተለጥፈው፣ ፊት ለፊታቸው ወንዝ ብቻ ነው። ገደሉ ወገብ ላይ ዋሻ ውስጥ የተገነባ የድሮ ምሽግ አለ። እናቴ ገና ስታየው አማትባ «የትኛው ገዳም ነው?» አለች። ገዳም ሳይሆን በጦርነት ዘመን ሕዝቡ የሚሸሸግበት እንደነበረ ነገሯት። ገደሉ በፈረንጆቹ 1957 ተንዶ ቤት አፍርሶ ሰው መግደሉንም አልደበቋትም። ከሁሉ የገረማት ግን ሙዝ ነው! ገደሉ ወደ ደቡብ ስለሚያይ የፀሐይ ሙቀት ይዞ ያቆያል፤ ከሥሩ ሙዝና ዘንባባ በቅሏል። ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ይዛ «አንተም እዚህ መጣህ?» አለችው።

ቀኑ ሲግል ወደ ሞንቲኛክ ወሰዱን፤ በጥንት ሰዎች ሥዕል የታወቀው የላስኮ ዋሻ ያለበት ከተማ ነው። ያን ጊዜ ነው ቀኑን በእናቴ ጾም ልክ እንደሰፉት የገባኝ። ጠዋት በጥላ መንደሩን አሳዩን፤ ውኃ ጥሙ በሚብስበት ሰዓት ደግሞ ቀዝቃዛው ዋሻ ውስጥ አስገቡን። ዋሻው በ2016 የተከፈተ ቅጂ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ቅር አላት፤ «ዋናውን ለምን አያሳዩንም?» አለች። በ1940 አራት ልጆች ያገኙትን ዋሻ የጎብኚው ትንፋሽ ሥዕሎቹን እየጎዳ ስለመጣ በ1963 ለሕዝብ እንደተዘጋ አስረዷት። ራሷን ነቀነቀች፤ «ደግ አደረጉ። መቅደስ ውስጥ ሁሉም ዘሎ አይገባም» አለች። ወይፈኖቹንና ፈረሶቹን እያየች ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከ17 ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

አሁን ልናገረው የፈለግሁት ነገር ጋ ደረስኩ።

በዚያ ገጠር ምግብ ቤቶች የምሳ ሰዓት ሲያልፍ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ወጥ ቤታቸውን ይዘጋሉ። በዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የሚያበላ የለም። ያ አገር ደግሞ ምግቡ ሁሉ ዝይና ዳክዬ ነው። ከላስኮ ስንመለስ አስጎብኚያችን ከመንገድ ወጣ ብለው አንድ ትልቅ የዋልነት ዛፍ ሥር መኪናቸውን አቆሙ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ሩብ ጉዳይ ነበር። ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። ምስር፣ ቲማቲም፣ ኮክ፣ በጠርሙስ የዋልነት ዘይት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አወጡ። ዳቦው ቅቤም ወተትም የሌለበት መሆኑን ጋጋሪውን ጠይቀው አረጋግጠዋል። ምስሩን ቤታቸው የቀቀሉት ስብ ነክቶት በማያውቅ አዲስ ድስት ነው። ይህንንም የነገሩኝ እኔ ስለጠየቅሁ ነው እንጂ ሊመጻደቁበት አይደለም።

ልጄ ቀደም ብሎ በልቶ ስለነበር ብስኩት ዘረጋላቸው። «ከአያትህ ጋር እበላለሁ» አሉት። እኔ ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። ከማለዳ ጀምሮ ሲነዱ፣ ሲሸከሙ፣ ሲያስረዱ የዋሉት ሰው እህል በአፋቸው አልዞረም! ውኃቸውን እንኳ ከመኪናው ጀርባ ዞረው፣ እናቴ በማታይበት ነው የጠጡት። ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት ምንም አላለችም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጸሎቷን አድርሳ ዳቦውን ቆረሰች፣ ምስሩን ጠቀለለችበት፣ የመጀመሪያውን ለራሷ ሳይሆን ለእሳቸው አጎረሰች። ሰውየው ጉርሻ ምን እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ተቀበሏት።

እኔ በዚህ አገር 14 ዓመት ኖሬአለሁ። እናቴን እንዲህ ያከበረልኝ ሰው አላየሁም።

በማግስቱ በጋባር ወንዙን ሄድንበት። ጋባር ማለት ድሮ እንጨትና ወይን ጠጅ ቁልቁል ወደ ቦርዶ ያጓጉዙበት የነበረ ሆዱ ጠፍጣፋ ጀልባ ነው። ውኃ የምትፈራው እናቴ መሀል ላይ ተቀምጣ፣ የእኒህን ሰው ክንድ ይዛ፣ ኋላ ላይ ለቃው እጇን ለሌላ ጀልባ ሰዎች ስታውለበልብ አይቼ አለቀስኩ። ባለቤቴና ልጄ እስከ ቤናክ በታንኳ ቀዘፉ። ከመነሳታቸው በፊት አስጎብኚያችን ስለ ወንዙ ጉልበትና ከላይ ስላሉት ግድቦች ብዙ ነገሩን፤ እኔ አልገባኝም። የልጄን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ማሰሪያ ሦስት ጊዜ ፈትሸው ሲያጠብቁ ግን አይቻለሁ፤ ለእኔ እሱ ይበቃኛል። ቤናክና ካስቴልኖ የተባሉት ምሽጎች በወንዙ ግራና ቀኝ ተፋጥጠው ቆመዋል፤ በመቶው ዓመት ጦርነት አንዱ የፈረንሳይ፣ ሌላው የእንግሊዝ ወገን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሚላንድ ወሰዱን። የጆሴፊን ቤከር ቤት ነው። ይህች ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝና ተወዛዋዥ በፈረንሳይ ገንናለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአርበኞቹ በስውር ሠርታለች፤ በ2021 አጽሟን የሚወክል ሣጥን የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ወደ ፓንቴዮን ገብቶላታል። ያን ቤት በ1947 ገዝታ ከየአገሩ በጉዲፈቻ የወሰደቻቸውን 12 ልጆች አሳደገችበት። ዕዳ በዛባትና በ1969 ከቤቱ አስወጧት፤ በወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ የተነሳችው ፎቶግራፍ ይታወቃል። አስጎብኚያችን ይህን ቀስ እያሉ ሲነግሩን እናቴ አቋርጣ «ልጆቹስ?» አለች። የሞናኮዋ ልዕልት ግሬስ መጠለያ እንዳገኘችላቸው ስትሰማ ነው የተነፈሰችው።

ይህን በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም። እናቴ የምላት ሴት የወላጅ እናቴ እኅት ናት። ወላጅ እናቴ ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች አሉኝ። ሦስታችንን ከራሷ ሁለት ልጆች ጋር ደርባ በአንዲት የኪራይ ክፍል አሳደገችን። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ዕቃችን ደጅ ወጥቶ፣ እሷ በተገለበጠ ሙቀጫ ላይ ተቀምጣ፣ ትንሹ ወንድሜ ጭኗ ላይ ተኝቶ አገኘኋት። ሚላንድ ላይ ዱካዋ ተዘርግታላት እሷ ግን የድንጋይ ደረጃው ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ምን እያሰበች እንደነበረ አውቃለሁ። አስጎብኚያችን አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጄን በእጃቸው ይዘው አዳኝ ወፎቹ ሲበሩ ሊያሳዩት ሄዱ፤ እኔና እናቴን ብቻችንን ተዉን። ግማሽ ሰዓት ያህል። ማንም ጥሩንባ አልነፋብንም።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ወላጆቻችሁን ወደዚህ ሰው ውሰዱ። ዋጋቸው ከአውቶቡሱ ይበልጣል፤ አልዋሽም፤ ግን እያንዳንዷ ሳንቲም ይገባቸዋል። ነሐሴ ሕዝብ ይበዛል፤ ሰኔ ወይም መስከረም ብታደርጉት ይሻላል። መኪና ከሌላችሁ በዚያ ገጠር ብቻችሁን አትሞክሩት፤ ከባቡር ጣቢያ መቀበላቸው ትልቅ ነገር ነው። ቅዳሜ ላይ ከዋላችሁ በአቅራቢያው ያለችውን የሳርላ ከተማን ገበያ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የቤናክ ዳገት ለጉልበት አስቸጋሪ ነው፤ እሳቸው ግን ከላይ በኩል በመኪና የሚያስገባውን ያውቃሉ። እኛ ዶም የምትባለውን መንደር ሳናይ ተመለስን፤ እናቴ «ለሚቀጥለው ዓመት» ብላለች። ያቺው «ቤት ልጫወት» ያለችው እናቴ!

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ በመልእክት ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስትደውሉ የእማማ ልጅ እንደላከቻችሁ ንገሯቸው። ጊዜው የጾም ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ብዕራቸውን እስኪያገኙ ትንሽ ጠብቋቸው።