«የረጅሟ ፀሐይ መጽሐፍ»፦ የሚፈታው አምላክና የማይፈታው

አሜሪካዊው ደራሲ ጂን ዎልፍ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 በ4 ቅጽ ያሳተመው «የረጅሟ ፀሐይ መጽሐፍ» የሳይንስ ልቦለድ ሆኖ ሳለ የሚጀምረው በመገለጥ ነው። የአንድ ድሃ መቅደስ አገልጋይ የሆነው ወጣቱ ካህን ሲልክ በኳስ ሜዳ ላይ እያለ፣ ሆርን የተባለው ተማሪው ኳስ ለመቅለብ እጁን በዘረጋበት ቅጽበት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከኋላው ቆሞ ዝም ያለ አንድ አካል በሁለቱም ጆሮዎቹ ሹክ ሊለው ይጀምራል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ዎርል በተባለች ግዙፍ የጠፈር መርከብ ውስጥ ነው። ፀሐይ የሚሏት በመርከቧ መካከል የተዘረጋች የብርሃን ዘንግ ስትሆን፣ ሕዝቡ የሚሠዋላቸው አማልክት የሚገለጡበት «ቅዱስ መስኮት» ደግሞ የኮምፒውተር ስክሪን ነው። የአማልክቱ አባት ፓስ ራሱ፣ አእምሮውን ከነቤተሰቡ በመርከቧ ኮምፒውተር ውስጥ ያስቀረጸ የጥንት አምባገነን ነበር። መጀመሪያ ሳነበው ደራሲው ሃይማኖትን ሊያጋልጥ የተነሣ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሲልክ የመሥዋዕቱን ሆድ ዕቃ ዘርግቶ እንደ ሞራ ገላጭ ሲመረምር ዎልፍ አንድ ጊዜ እንኳ አያላግጥበትም። ጸሎቱ የተሳሳተ አድራሻ ቢኖረውም የሚጸልየው ሰው እውነተኛ ነው።

በኳስ ሜዳው ላይ የተናገረው ግን ከፓስ ቤተሰብ አይደለም፤ «የውጭው» ተብሎ የሚጠራ፣ ምንነቱ በመርከቧ ማሽኖች የማይገለጽ አምላክ ነው። ሐኪሙ ክሬን ነገሩን ለሲልክ በሙያው ይተረጉምለታል፦ በአንጎልህ ውስጥ አንዲት የደም ሥር ፈንድታ ይሆናል። እንግዲህ ድምፁ አንድም የአምላክ ጥሪ ነው፣ አንድም ሕመም ነው፣ አንድም አምላክ በሕመሙ በኩል ጠርቶታል። ብዙ አንባቢዎች ከነዚህ አንዱን መርጠው ሌሎቹን ለመጣል ይቸኩላሉ፤ በእኔ እምነት ግን የድርሰቱ ብርታት ሦስቱንም ሳያፈርስ እስከ መጨረሻው መዝለቁ ነው። ፓስን ፈትቶ የጨረሰ አንባቢ «የውጭውንም» በዚያው ቁልፍ እከፍታለሁ ሲል በሩ አይከፈትለትም።

እንከን የለውም አልልም። በአራተኛው ቅጽ ታላላቅ ክንውኖች ከምዕራፍ ውጭ አልፈው በገጸ ባሕርያት ንግግር ብቻ ይደርሱናል፤ በታሪኩ ያሉ ሌቦች የሚነጋገሩበት የውስጥ ቋንቋም ለጀማሪ አንባቢ ከባድ ነው። ቅጾቹን ዘሎ ማንበብም አይቻልም፤ አራቱ አንድ ታሪክ ናቸውና።

ፍጻሜውን አስቀድሞ ማወቅ የማይወድ አንባቢ እዚህ ላይ ያቁም። ታሪኩን ሲነግረን የቆየው ሆርን ራሱ መሆኑን የምናውቀው በመጨረሻው ቅጽ ነው። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ፤ በሲልክ ጆሮ የገባውን ሹክሹክታ የጻፈልን፣ በዚያች ሰዓት ዓይኑ ኳሷ ላይ የነበረው ልጅ ነው።