የ1,200 ብሩ የሰንሰለት ቅባት እና የእናቴ ቀሚስ

ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል። በሰንሰለት ቅባት ይዥጎርጎር ያለ ግን የለም። የእናቴ ቀሚስ የደረሰበት ይሄ ነው።

ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ተናድጄ መሆኑን ከወዲሁ ልናገር። ዕቃው የሞተር ሰንሰለት ቅባት ነው፤ በጣሳ ሆኖ እንደ ፍሊት ተጭነው የሚረጩት። ባለፈው ሰኔ መርካቶ 1,200 ብር ቆጥሬ ገዛሁት። አሁን ስምንተኛ ወሩን ይዟል።

ለምን ገዛሁት? ከዚያ በፊት የነበረው ክረምት ሰንሰለቴን በላብኝ። መካኒኬ ሁሌም የሚቀባልኝ ከሰው ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነበር። በነጻ ነው፣ እኔም ነጻ ነገር እወዳለሁ። ግን የተቃጠለ ዘይት ማለት ጥላሸትና የብረት ብናኝ ማለት ነው። ዝናቡ ሲያጥበው ዝገት፣ አቧራው ሲይዘው ሞረድ። መስከረም ላይ ሰንሰለቱ የሚዞርበት የኋላው ጥርስ እንደ ማጭድ ተቆልምሞ ነበር። ሰንሰለትና ሁለቱን ጥርስ በአንዴ ቀየርኩ። ዕቃ አመላላሽ ነኝ፤ ሞተሯ ከቆመች እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

አዲሱ ሰንሰለት ባለ ጎማ ቀለበት ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ግሪስ ውስጡ ተሞልቶ በቀጫጭን ጎማ ይታሸጋል። ከውጭ የሚቀባው ቅባት ዝገት እንዳይነካው፣ ጎማዎቹ እንዳይደርቁና ሮለሩ፣ ማለትም ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ተንከባላይ ብረት፣ ከጥርሱ ጋር እንዳይፋጭ ነው። ለዚህ ነው በቤንዚን የማይታጠበው። ቤንዚን ጎማውን ይጎዳዋል። ነጭ ጋዝ ነው የሚሻለው።

ይሄን ሁሉ ሻጩ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? እሱ እቴ! «ወንድሜ፣ ኦርጅናል ነው፤ ረጭተህ መሄድ ነው፣ ልክ እንደ ሽቶ» አለኝ። እኔም አመንኩት። ከጣሳው ጋር የመጣችው ቀይ ቱቦ በሁለተኛው ቀን ጠፋች፤ እሷን እንኳን ይቅር ብዬዋለሁ፣ በእስክሪብቶ ቀፎ ተክቻታለሁ።

ጥር 23 ጠዋት እናቴ አራዳ ጊዮርጊስ ልሳለም አለች። ለጥምቀት ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳለች። ከተሰፋ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። እኔም ለእናቴ ክብር ብዬ ሰንሰለቱን አርከፈከፍኩበትና ሞተሯን አስነሳሁ። ልክ እንደ ሽቶ።

እናቴ የምትቀመጠው በጎን ነው። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጎማ እንዳይዘው ጭኗ ስር ሸጉጣ፣ እግሯን ወደ ግራ። የሞተሬ ሰንሰለትም በግራ ነው። ከለገሃር ቸርችልን ሽቅብ ይዘን ወጣን። ሰንሰለቱ ድምፅ የለውም፣ እኔ ደስ ብሎኛል። ቤተክርስቲያኑ በር ላይ አንዲት ልጅ «እማማ፣ ቀሚስዎን የሆነ ነገር ነክቶታል» አለቻት። እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። ከጉልበቷ እስከ ጥለቱ ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ልክ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ረጨህብኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ገባች፣ ተሳለመች፣ ነጠላዋን ወደ ታች ስባ ሸፈነችው። ተመልሰን ስንወርድ አንድ ቃል አልተናገረችም። በላርጎ ታጠበ፣ በነጭ ሳሙና ተፈተገ። በረኪና ደግሞ ጥለቱን ያበላሻል። አሁን ነጠብጣቡ ደብዝዞ እንደ ማድያት ቀርቷል።

ማታ ጣሳውን አንስቼ ባትሪ አብርቼ አነበብኩት። ከታች፣ ጉንዳን በምታህል ጽሑፍ፣ ረጭተህ ቆይ ይላል። ነገሩ ቀላል ነው። ቅባቱ ከጣሳው ሲወጣ ቀጭን ነው፤ በሰንሰለቱ ቀዳዳ ሰርጎ እንዲገባ የሚያቀጥን ፈሳሽ አብሮት አለ። ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅ ወፍሮ ይጣበቃል። ሳይተን ከተነሳህ ጥርሱ ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይወረውረዋል፤ ወደ ጎማህ፣ ወደ ሱሪህ፣ ወደ እናትህ። ወንድሜ፣ ሽቶ እንዲህ ያደርጋል?

አሁን ማታ ከሥራ ስገባ ነው የምሠራው፣ ሰንሰለቱ ገና ሞቅ ብሎ ሳለ። ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ማርሽ አስገብቶ ሰንሰለት የሚያጸዳ ሰው ጣቱን የጠላ ነው። ጎማውን በእጄ እያዞርኩ በነጭ ጋዝና በብሩሽ እፈትጋለሁ፣ በጨርቅ አደርቃለሁ። ከጀርባው ካርቶን ይዤ የታችኛውን መስመር ከውስጥ በኩል እረጨዋለሁ፤ ሲዞር ራሱ ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንድ ሁለት ዙር ይበቃል። ያድራል። ጠዋት የተረፈውን በጨርቅ እጠርጋለሁ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ይሄን ማድረግ ለእኔ በየሳምንቱ ማለት ነው፤ ዝናብ ከመታው ደግሞ ያንኑ ማታ።

በበጋ ሌላ ጣጣ አለው። ተጣባቂ ስለሆነ መንገድ ከሚቆፈርበት አካባቢ የተነሳውን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ሳይጠረግ ከቆየ ጥቁር ገንፎ ይሆናል።

ክረምቱንስ? ክረምቱን አለፈ። ዝገት የለም፣ ሰንሰለቱን ያጠበቅሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ የምለው የለኝም። መካኒኬ አይቶ «ማን ቀባልህ?» ብሎ ተኮሳትሯል።

ለምን ታዲያ ሦስተኛ ጣሳ ገዛህ ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ገዝቻለሁ፣ ያውም ከዚያው ሰውዬ። የቀሚሱን ነገር ስነግረው «ያው ትንሽ መቆየት ነበረብህ» አለኝ። ትንሽ! ብድግ ብዬ ልወጣ ነበር። ግን 50 ብር ቀነሰልኝ።

ባለፈው እሁድ እናቴን ላድርስሽ አልኳት። «ከቀባኸው ስንት ቀኑ ነው?» አለችኝ። «ሁለት» አልኳት። ጎንበስ አለችና ሰንሰለቱን በሶፍት ነካ አድርጋ ሶፍቱን አየችው። ከዚያ ወደ ታክሲ ሰልፉ ሄደች።