ድፍኑ የሜሪላንድ ዳክዬ ወይስ ውስጠ ክፍቱ የኒው ጀርሲ? የጥንት ዲኮይ ለሚገዙ

ዲኮይ የዱር ዳክዬን ለማባበል ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የእንጨት ዳክዬ ነው። ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው የጠራቢውን ስም ነው፤ ኪስ የሚጎዳው ግን ቀለሙና ጥገናው ነው። የማሳቹሴትሱ ኤልመር ክሮዌል ሁለት ሥራዎች በ2007 (እ.ኤ.አ.) እያንዳንዳቸው በ1.13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠዋል። ያ የጥቂቶች ገበያ ነው። ለጀማሪ የሚሆኑት ከዚህ በታች ያሉት ሁለቱ ናቸው።

የሜሪላንዱ የሃቨር ዴ ግሬስ ከተማ ሥራ ድፍን ነው፤ ሆዱ ክብ፣ ጅራቱ ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ከሥሩ የእርሳስ ብረት ክብደት በምስማር የተመታበት። እዚያ አዳኞች በአንዴ በመቶ የሚቆጠሩ ዳክዬዎች ያሰማሩ ስለነበር ብዛትና ጥንካሬ ከውበት ይቀድም ነበር። የከተማው ጠራቢ ማዲሰን ሚቸል (1901–1993) ገላውን በቶርኖ ካወጣ በኋላ በእጅ ይጨርሰው ነበር፤ ሥራው ብዙ ስለሆነ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል።

የኒው ጀርሲው በሁለት ግማሽ ነጭ ሴዳር ተሠርቶ ውስጡ ተቦርቡሮ የተገጠመ ነው። በባርኔጋት ባሕረ ሰላጤ አዳኙ የሚሄደው በትንሽ ጀልባ ስለነበር ቅለት ግድ ነበር። እርሳሱ ከሥር በተቆፈረ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ከእንጨቱ ጋር እኩል ይሆናል። የተከርተኑ ሃሪ ሾርድስ (1861–1920) የዚህ ዓይነት ስመ ጥር ጠራቢ ነው።

ጉዳታቸውም ይለያያል። ድፍኑ ሲደርቅ ላዩ ከመሃሉ ቀድሞ ስለሚኮማተር በቁመቱ ይሰነጠቃል። የጥንት ስንጥቅ ብዙ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም የተቀባበት ነው። ውስጠ ክፍቱ ደግሞ መጋጠሚያው ይላቀቅና ውሃ ያስገባል። ቀስ አድርገው ያወዛውዙት፤ የሚንኳኳ ነገር ካለ የአደን ጥይት ፍንጣሪ ወይም የተላቀቀ ቁራጭ ሊሆን ይችላል።

በሁለቱም ላይ ዋናው ምርመራ አንገት ላይ ነው። ጭንቅላቱ ከገላው ጋር የሚገናኝበትን መስመር በአጉሊ መነጽር ይዩ። የገላው ቀለም በጥቃቅኑ ተሰነጣጥቆ የጭንቅላቱ ለስላሳ ከሆነ ጭንቅላቱ ተቀይሯል፣ አለዚያም እንደገና ተቀብቷል። ቀጥሎ በጨለማ ክፍል የአልትራቫዮሌት ባትሪ ያብሩበት፤ ከአካባቢው በተለየ ሁኔታ የሚያበራ ወይም የሚጠቁር ቦታ ጥገናን ይጠቁማል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ሻጩን ኤክስሬይ ይጠይቁ፤ አንገት ውስጥ ያለው አዲስ ምስማር ያጋልጣል። ፊርማ ዘግይቶ ሊጨመር ስለሚችል ዕድሜውን አያረጋግጥም።

አዳኞች ዳክዬዎቻቸውን በየጊዜው ደጋግመው ይቀቡ ስለነበር ሙሉ የመጀመሪያ ቀለም ያለው ሜሪላንዳዊ ብርቅ ነው። ዘመናዊ ቅብ ዋጋውን ከግማሽ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ የአዳኙ የራሱ ጥንታዊ ቅብ ግን ጉዳቱ ያንሳል።

በእኛ ግምት ለመጀመሪያ ግዢ ድፍኑ ይሻላል፦ ጥገናው በግልጽ ይታያል፣ ማወዳደሪያም አይጠፋም። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉማ ሃቨር ዴ ግሬስ ባለው የዲኮይ ሙዚየም ዓይናቸውን አሠልጥነው ቢገዙ ያተርፋሉ። ውስጠ ክፍቱ በእጅ ሲያዝ የሚሰጠው ደስታ የበለጠ ነው፤ መጋጠሚያውን መመርመር ለለመደ ሰው ግን ነው።

ከገዙ በኋላ በውሃም በዘይትም አይወልውሉት። ከማሞቂያና ከመስኮት ያርቁት። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አይፋቁት፤ ሕፃን እጅም አይግባ።